በ13 ወር 13 ድርሰት፤ የጀርመንኛን ሥነ ጽሑፍ በአንድ ዓመት ስለ ማንበብ

መግቢያ

በልዩ ልዩ አገር ባሉ አንባቢዎች ዘንድ አንድ ጥሩ ልማድ አለ። ይኸውም ዓመቱ ሲጀምር የሚያነብቡትን የመጻሕፍት ቍጥርና ዐይነት አስቀድሞ ወስኖ ቃል መግባት፣ ያነበቡትንም እየመዘገቡ ለባልንጀሮች ማስታወቅ ነው። ከነዚህም መካከል በጀርመንኛ የተጻፈውን ሥነ ጽሑፍ ብቻ መርጠው በየዓመቱ የሚያነብቡ አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ልማድ በሻሸመኔና በአካባቢዋ ለሚኖር የኮሌጅ ተማሪ ምን እንደሚጠቅመው ማስረዳት፣ ቀጥሎም በ13ቱ የኢትዮጵያ ወሮች ሊፈጸም የሚችል ዕቅድ ማቅረብ ነው። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የጀርመንኛ ሥነ ጽሑፍ ስንል የጀርመን አገርን ድርሰት ብቻ ማለታችን አይደለም። ስቴፋን ዝቫይክ የኦስትሪያ፣ ጎትፍሪድ ኬለርና ፍሪድሪኽ ዱረንማት የስዊስ ሰዎች ናቸው። ፍራንዝ ካፍካም የተወለደው በፕራግ ነው። አንድ የሚያደርጋቸው ቋንቋው ነው።

1. ጀርመንኛ ለሻሸመኔ ምኑ ነው?

ሻሸመኔ የመንገዶች መገናኛ እንደ መሆንዋ መጠን የቋንቋዎችም መገናኛ ናት። ከአዲስ አበባ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ የመጣ መንገደኛ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ወላይታ ወይም ወደ ባሌ የሚለያየው ከዚህ ነው። በገበያዋ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ከምባትኛና ሃድይኛ ይሰማል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሰጡት መሬት ላይ ከጃማይካና ከሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች መጥተው የሰፈሩት ሰዎች ደግሞ እንግሊዝኛቸውን ይዘው መጥተዋል። ጀርመንኛ ግን በዚህ ገበያ አይነገርም። ስለዚህ «ምን ይሠራልናል?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መልሱ ያለው በገበያው ሳይሆን በቤተ መጻሕፍት ነው። ስለ አገራችን ከተጻፈው የምርምር ሥራ ብዙው የተጻፈው በጀርመንኛ ነው። አውጉስት ዲልማን የግዕዝን ሰዋስው በ1857 በጀርመንኛ አሳተመ። ይህ ሥራ ወደ እንግሊዝኛ ተመልሶ የወጣው በ1907 ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ ተማሪ 50 ዓመት ሙሉ ከበር ውጭ ቆሞ ነበር ማለት ነው። ፍራንዝ ፕሪቶሪየስ ስለ አማርኛ ሰዋስው በ1879፣ ስለ ኦሮምኛ ሰዋስው በ1893 ያሳተማቸው መጻሕፍት በጀርመንኛ ናቸው። በኤኖ ሊትማን መሪነት በ1906 ወደ አክሱም የመጣው ጓድ የምርምሩን ውጤት በ1913 በበርሊን በ4 ቅጽ አውጥቷል።

ለሻሸመኔ ተማሪ ደግሞ ይበልጥ የሚቀርበው ሌላ ነው። የፍራንክፈርቱ የፍሮቤኒየስ ተቋም ባልደረቦች ደቡብ ኢትዮጵያን እየዞሩ አጥንተዋል። አዶልፍ የንዘን ስለ ገዳ አገር የጻፈውን በ1936፣ አይከ ሃበርላንድ ስለ ቦረና፣ ስለ ጉጂና ስለ አርሲ ኦሮሞ ሰፊ ጥናቱን በ1963፣ ኡልሪኽ ብራውኬምፐር ስለ ሃድያ ታሪክ የጻፈውን በ1980 አሳትመዋል። የነዚህ መጻሕፍት ባለታሪኮች የልጅ ልጆች ዛሬ በሻሸመኔ ዙሪያ ይኖራሉ፤ መጽሐፉ ግን ጀርመንኛ በማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ ዝም ይላል። ስለ አያቱ የተጻፈውን ለማወቅ ሌላ ሰው አንብቦ እስኪነግረው የሚጠብቅ ተማሪ፣ ትክክል ነው ወይም ስሕተት ነው ብሎ ሊፈርድ አይችልም። መፍረድም ያስፈልጋል። ለምሳሌ የሃበርላንድ መጽሐፍ በአርእስቱ ላይ ሳይቀር ዛሬ እንደ ስድብ የሚቈጠረውን የቀድሞ ስም ይጠቀማል።

ይሁን እንጂ በዲልማን ወይም በሃበርላንድ ጀምሮ ጀርመንኛን መልመድ አይቻልም። ሰው በባዕድ ቋንቋ ብዙ ገጽ ማንበብ የሚለምደው ቀጥሎ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሲጓጓ ነው። ይህን ጉጉት የሚፈጥረው ተረትና ልብ ወለድ ስለ ሆነ፣ ሥነ ጽሑፉን ለምርምሩ እንደ መንገድ መቍጠር ይገባል።

ግንኙነቱም የአንድ ወገን አልነበረም። ዲያቆን ሚካኤል የተባለ ኢትዮጵያዊ በ1534 ዊተንበርግ ድረስ ሄዶ ከማርቲን ሉተር ጋር ተነጋግሯል። አባ ጎርጎርዮስ ዘመካነ ሥላሴ በ1652 ወደ ጎታ ሄደው ግዕዝንና አማርኛን ለሂዮብ ሉዶልፍ አስተምረዋል፤ ሉዶልፍ በ1698 በላቲን ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስውም የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው። አለቃ ታየ ገብረ ማርያምም ከ1905 እስከ 1908 በበርሊን አስተምረዋል። አስተማሪዎቹ ከእኛ ወገን ነበሩ። የጐደለው እነሱ ያስተማሯቸው ሰዎችና ተከታዮቻቸው የጻፉትን የሚያነብብ ወገን ነው።

2. አማርኛ ወይም ኦሮምኛ የሚናገር አንባቢ ያለው ብልጫ

ጀርመንኛ ከባድ ነው የሚለው ወሬ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ነው። እነሱን የሚያስቸግራቸው አንዱ ነገር የግሡ መጨረሻ ላይ መቀመጥ ነው። «ቫይል ኢሽ ሆይተ ናኽ ሻሸመኔ ጌኤ» የሚለው ሐረግ ቃል በቃል «ምክንያቱም እኔ ዛሬ ወደ ሻሸመኔ ስሄድ» እንደ ማለት ነው። እንግሊዛዊው ግሡን ሲጠብቅ ይደክመዋል፤ በአማርኛና በኦሮምኛ ግን ግሥ ምንጊዜም መጨረሻ ስለሚመጣ መጠበቅ ለእኛ ልማድ ነው።

ሁለተኛው የቃላት መጣመር ነው። ጀርመኖች ጓንትን «ሃንትሹህ» ይሉታል፤ የእጅ ጫማ ማለት ነው። ሆስፒታልን «ክራንከንሃውስ»፣ የሕሙማን ቤት ይሉታል። «ቤተ መጻሕፍት»ና «መዝገበ ቃላት» ማለትን የለመደ ሰው በዚህ አይደነግጥም። ልዩነቱ የእኛ ዋናው ቃል ፊት ሲቀድም የነሱ ኋላ መቅረቱ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው የአክብሮት ንግግር ነው። ጀርመንኛ እንደ አማርኛ «አንተ»ን ከ«እርስዎ» ይለያል፤ «ዱ» እና «ዚ» ይላቸዋል። ኦሮምኛም ይህን ልዩነት ያውቃል። በእንግሊዝኛ ትርጕም ሁለቱም አንድ ቃል ይሆናሉ። በካፍካ «መለወጥ» በተባለው ታሪክ (1915)፣ ግሬጎር ሳምሳ አንድ ማለዳ ተባይ ሆኖ ይነቃል። ከመሥሪያ ቤቱ የመጣው ሹም ከበሩ ውጭ ቆሞ ሲወቅሰው እንኳ «እርስዎ» ይለዋል። ወደ መጨረሻው ግን የቤቱ ሠራተኛ «አንተ» እያለች፣ በጢንዚዛ ስም ትጠራዋለች። የሰውየው ውርደት በዚህ ተውላጠ ስም ይለካል። በእንግሊዝኛ ያነበበ ሰው ይህ ያመልጠዋል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ያለ አስተማሪ ይሰማዋል።

3. የ13ቱ ወር ዕቅድ

ዕቅዱ የጀርመንኛን መጀመሪያ ትምህርት ለጨረሰ ሰው ነው። ቋንቋውን ገና ያልጀመረ ሰው በትርጕም አንብቦ በየወሩ አንድ ገጽ ብቻ ከዋናው ጋር ሊያስተያይ ይችላል። አሰላለፉ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ነው።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ። በመስከረም የግሪም ወንድማማቾች ተረቶች (1812) ይነበባሉ፤ አነጋገሩ ስለሚደጋገም ጆሮ ያሠለጥናል። በጥቅምት ዮሐን ፔተር ሄበል «ያልታሰበ መገናኘት» ያለው ታሪክ (1811) ይነበባል። ለሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው በማዕድን ጕድጓድ ውስጥ የቀረ ወጣት ከ50 ዓመት በኋላ ሬሳው ሳይለወጥ ይወጣል፤ የሚያውቀው ሰው ያረጀችው እጮኛው ብቻ ናት። በኅዳር ቮልፍጋንግ ቦርኸርት «ዳቦው» ብሎ በ1946 የጻፈው ይነበባል። ከጦርነቱ በኋላ በነበረው ረኀብ ባል ሌሊት ተነሥቶ ዳቦ ቈርሶ ሲበላ ሚስቱ ትደርስበታለች። እሱ ይዋሻል፤ እሷ 39 ዓመት የኖረችውን ትዳር አስባ እንዳላወቀች ትሆናለች፤ በማግስቱ ማታ ከራስዋ ድርሻ ትጨምርለታለች። በታኅሣሥ የሃይንሪኽ ቦል ቀልድ (1963) ይነበባል። በጀልባው ውስጥ የሚያንቀላፋ ዓሣ አጥማጅ አብዝቶ እንዲሠራ የሚመክረውን ቱሪስት እንዴት እንደሚመልሰው ሲነበብ፣ የሐዋሳን ወይም የዝዋይን ሐይቅ ዳር ማስታወስ አይቀርም።

ከጥር እስከ ሚያዝያ። በጥር የአደልበርት ፎን ሻሚሶ «ፔተር ሽሌሚል» (1814)፣ ጥላውን ለማያልቅ የገንዘብ ከረጢት የሸጠ ሰው ታሪክ ነው። በየካቲት የኬለር «ልብስ ሰውን ሰው ያደርጋል» (1874) ስለ ካፖርቱ ማማር ብቻ መስፍን መስሎ ስለ ታየ ድኻ ልብስ ሰፊ ይናገራል። በመጋቢት የዝቫይክ «የቼዝ ታሪክ» (1942)፣ በሚያዝያ ከላይ የተገለጸው «መለወጥ» ይከተላሉ።

ከግንቦት እስከ ነሐሴ። በግንቦት የዱረንማት «የአሮጊቷ እመቤት ጕብኝት» የተባለ ተውኔት (1956) አለ። ከወጣትነቷ ተገፍታ የወጣች ሴት ባለጸጋ ሆና ወደ ደኸየችው የትውልድ ከተማዋ ትመለሳለች፤ አንድ ቢልዮን ለመስጠትም ዝግጁ ናት፤ ዋጋው የከዳት ሰው ሞት ነው። ከተማው መጀመሪያ ይቈጣል፤ ቀጥሎ በዱቤ አዲስ ጫማ መግዛት ይጀምራል። የሴኔጋሉ ጅብሪል ዲዮፕ ማምቤቲ ይህንኑ ወደ አፍሪካ ከተማ አምጥቶ በ1992 «ጅቦች» በተባለ ፊልም አሳይቶታል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሚጠበቅበት በማንኛውም ከተማችን ውስጥ ይህን ተውኔት ያለ ሐሳብ ማንበብ አይቻልም። በሰኔ ፈተና ስለሚበዛ ከቴዎዶር ሽቶርም «ፈረስ ጋላቢው» (1888) የተመረጡ ክፍሎች ይበቃሉ። በሐምሌ የጎተ «ቬርተር» (1774) ይነበባል። በነሐሴ የልጅ አስፋ ወሰን አሥራተ ካሣ «ጨዋነት» (2003) ይደርሳል። ደራሲው በ1948 በአዲስ አበባ ተወልደው በዚያው በጀርመን ትምህርት ቤት የተማሩ ሲሆኑ፣ በ2004 የተቀበሉት ሽልማት በሻሚሶ ስም የተሰየመ ነው። ሻሚሶም ፈረንሳይ ተወልዶ በጀርመንኛ የጻፈ ስለ ነበር፣ የጥሩና የነሐሴው መጽሐፍ እዚህ ላይ ይገናኛሉ።

ጳጕሜን። ለአምስቱ ቀን የሚበቃው የካፍካ «በሕግ ፊት» (1915) ነው፤ ሁለት ገጽ ያህል ነው። ወደ ሕግ ለመግባት የመጣ ባላገር በር ጠባቂው «አሁን አይሆንም» ስላለው ዕድሜውን ሙሉ በበሩ ይቀመጣል። ጠባቂው ባላገሩን «አንተ» ይለዋል። ለጉዳይ ተመላልሶ «ነገ ና» የተባለ ሰው ትርጓሜ አያሻውም።

4. መጻሕፍቱና ደንቡ

ደራሲው ከሞተ 70 ዓመት ያለፈው ድርሰት በጀርመን ሕግ ነጻ ነው፤ ስለዚህ የግሪም፣ የሄበል፣ የካፍካ፣ የዝቫይክና የቦርኸርት ሥራዎች በኢንተርኔት ያለ ዋጋ ይገኛሉ። የቦልና የዱረንማት ገና ነጻ ስላልሆኑ በግዢ ወይም በውሰት መገኘት አለባቸው። ለዚህም በ1962 የተቋቋመው የአዲስ አበባው ጎተ ተቋም ቤተ መጻሕፍት ይረዳል።

ደንቡ አራት ነው። አንደኛ፣ ቃሉ በመስከረም በጽሑፍ ይሁን። ሁለተኛ፣ ቢያንስ 3 ሰው አብሮ ያንብብ፤ ብቻውን የጀመረ ቶሎ ይሰለቻል። ሦስተኛ፣ ስለ እያንዳንዱ ድርሰት ግማሽ ገጽ በአማርኛ ወይም በኦሮምኛ ይጻፍ። አራተኛ፣ መጽሐፍ ማቋረጥ ይፈቀድ፤ ነገር ግን ያቋረጠ ሰው ምክንያቱን ይጻፍ። ከነዚህ ሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ነው፤ የተነበበው ነገር ለሌሎች የሚተርፈው በዚህ ብቻ ነውና።

5. ስለሚነሣው ተቃውሞ

«የራሳችንን ሳንጨርስ የሰውን ለምን?» የሚል አይጠፋም። የጀርመንኛ ሥነ ጽሑፍ ራሱ ያደገው የሰውን በማንበብ ነው። ጎተ የፋርሱን ባለቅኔ ሐፊዝን በትርጕም ካነበበ በኋላ በ1819 አንድ ሙሉ የግጥም መድበል አሳትሟል፤ ይህን በማድረጉም የቋንቋው ባለቤትነት አልቀነሰበትም።

ሌላው ተቃውሞ የሚከብደው ነው። ይህ ቋንቋ የናዚዎችም ቋንቋ ነበር። ግንቦት 10 ቀን 1933 በጀርመን ከተሞች አደባባይ መጻሕፍት ሲቃጠሉ፣ የዝቫይክ ሥራዎችም ከተቃጠሉት መካከል ነበሩ፤ ደራሲውም በስደት በብራዚል ሞተ። ነገር ግን ያቃጠሉትም የተቃጠሉትም በአንድ ቋንቋ ይናገሩ ነበር። በ1976 ዓ.ም. በዓሉ ግርማን ያጣን እኛ፣ በአንድ ቋንቋ ውስጥ ገዳዩና ተገዳዩ አብረው እንደሚኖሩ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያሻንም። ቋንቋውን በአቃጣዮቹ ምክንያት የተወ ሰው የተቃጠሉትን ሁለተኛ ጊዜ ዝም ያሰኛቸዋል።

ማጠቃለያ

13 አጫጭር ድርሰት ያነበበ ተማሪ የጀርመንኛ ሊቅ አይሆንም። ነገር ግን በሚቀጥለው ዓመት የሃበርላንድን መጽሐፍ ከፍቶ ስለ አርሲ የተጻፈውን ምዕራፍ በመዝገበ ቃላት እየተረዳ ለማንበብ ይደፍራል። ከዚያም ወደ ሽማግሌዎች ሄዶ «እንዲህ ተብሎ ተጽፏል፤ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ ይህን ጥያቄ የሚያቀርብላቸው ተማሪ ያስፈልጋል። ዕቅዱም በመጪው መስከረም ቢጀመር መልካም ነው።