ለሕፃን ልጃችሁ መጫወቻ ከእንጨት ሥሩ

በዘንዘልማና በዙሪያዋ ያላችሁ አንባቢዎች፣ ልጃችሁ ምን ይዞ ይጫወታል? እስቲ ዛሬ ማታ እጁን ተመልከቱ።

ምናልባት ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ይዞ ይሆናል። ምናልባትም የተባይ መድኃኒት የነበረበትን ባዶ ጠርሙስ በገመድ አስሮ ይጎትታል። ልጅ ምን ያውቃል! ያማረውን ያነሣል፤ ያነሣውን ወደ አፉ ይወስዳል። መድኃኒት የነበረበት ዕቃ ደጋግሞ ቢታጠብም ለመጫወቻ አይሆንም። የባትሪውም ውስጥ ያቃጥላል። ነጥቆ መጣል ብቻ ግን አይበቃም፤ ነገ ሌላ ያገኛል። በምትኩ የሚይዘውን ስጡት።

ምን እንሥራለት?

ልጅ የሚወደው አባቱ የሚይዘውን ነው። ሞፈር፣ ቀንበር፣ እርፍና ድግር ያላት ትንሽ የእርሻ ዕቃ ሥሩለት። ማረሻዋም እንጨት ትሁን፤ ጫፏ ይደንዝ። በሬዎቹን ራሱ ከጭቃ ይሠራቸዋል፤ ያንን ለእሱ ተዉለት። ለትልልቆቹ ገበጣ ጥረቡላቸው፤ እየተጫወቱ ቁጥር ይለምዱበታል። ጠጠሩን ግን ሕፃኑ እንዳይውጠው ጠብቁ።

ገና ድክ ድክ ለሚል ልጅ ከሁሉም የሚሻለው ትንሽ ጋሪ ነው። በገመድ ከምትጎተት በዱላ የምትገፋ ትሁን፤ ገመድ አንገት ላይ ይጠመጠማል።

እንጨቱን ከየት እናምጣ?

ዋንዛ ለመጥረብ ይመቻል። ለዚህ ብላችሁ ግን ዛፍ አትቁረጡ። ዓባይን ተሻግራችሁ ባሕር ዳር ገበያ ስትሄዱ፣ ከበርና ከመስኮት የተረፈ ቁራጭ አናጢ ቤት አይጠፋም። ቅንጭብና ቁልቋልን አትንኩ፤ ወተታቸው ዓይን ይጎዳል።

እንጨቱ እርጥብ ከሆነ በጥላ አድርቁት። ፀሐይ ላይ ከዋለ ይሰነጠቃል።

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ክብ ግንድ እንደ ዳቦ ቆርጦ ጎማ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ሲደርቅ ግን እስከ ልቡ ይሰነጠቃል። ለምን? እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል። የሚኮማተረው ግን እኩል አይደለም፤ ዙሪያውን ከሁሉ ይበልጥ ይጠባል። ዙሪያው ሲጠብ ልቡ እምቢ ይላል፤ መሐል ለመሐል ይፈነዳል። ስለዚህ ጎማውን ከደረቀ ጣውላ ላይ አክብባችሁ ቁረጡ። ቀዳዳውን በጋለ ብረት ብሱት። የጎማው መያዣ ዘንግ ከወይራ ቢሆን ጠንካራ ነው።

ከዚያ በጠርሙስ ስባሪ ፋቁት፤ እጃችሁን ግን ጠብቁ። ሲያልቅ በነጠላ ጫፍ እሹት። ክሩን ከያዘ ገና ስንጥር አለው፤ እንደገና ፋቁ።

በመጨረሻ ጥቂት የኑግ ዘይት በጨርቅ ቀቡትና ይድረቅ። ቅቤ አትቀቡት፤ ይሸትታል። ለበርና ለመስኮት ከተገዛ የዘይት ቀለም የተረፈውንም አትቀቡት። አንዳንዱ ቀለም እርሳስ አለበት። እርሳስ ስንል ደብተር ላይ የምንጽፍበትን አይደለም፤ ጥይት የሚሠራበትን ከባድ ማዕድን ነው። ልጅ ቀለሙን እየላሰ ሲውጠው አእምሮውን ይጎዳዋል። ጉዳቱም ቶሎ አይታይም፤ ክፋቱ ይኸው ነው።

ለልጁ ከመስጠታችሁ በፊት አውራ ጣታችሁንና ሌባ ጣታችሁን ገጥማችሁ ቀለበት ሥሩ። በዚያ ቀለበት የሚያልፍ ማንኛውም ቁራጭ ሦስት ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም፤ ጉሮሮው ላይ ይቀረቀራል። ጎማውም ሰፋ ብሎ የተሠራው ለዚህ ነው። በየጊዜው እየነቀነቃችሁ እዩት፤ የላላ ካለ አጥብቁ።

አንድ ነገር ቀረን። በጋሪዋ ጎን የልጁን ስም በጋለ ብረት ጻፉበት። ፊደል የለመዳችሁ በቅርቡ ከሆነ መጀመሪያ ስሙን አፈር ላይ በጣት ጻፉ፤ ከዚያ እንጨቱ ላይ በከሰል ጻፉ። ለሚያነብ ሰው አሳዩ። ትክክል ከሆነ ብረቱን አግሉ። ከሰል በእርጥብ ጨርቅ ይጠፋል፤ በብረት የተጻፈ ግን አይጠፋም።