ከቤት ለመሥራት የመንግሥት ሠራተኛው ዝግጁነት

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ኢትዮጵያ መግባቱ ከታወቀ በኋላ አብዛኛው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ቤቱ ሆኖ እንዲሠራ ተወሰነ። ላፕቶፕ፣ መብራትና ኢንተርኔት ማስፈለጋቸው ግልጽ ነው፤ ዋናው እንቅፋት ግን አሠራሩ ከወረቀት አለመላቀቁ ነው። አንድ ማመልከቻ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፣ ኃላፊው ጥጉ ላይ ጽፎ ለባለሙያ ይመራዋል፣ መልሱ ተተይቦ ይፈረማል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ ወጪ ቁጥር ይሰጠዋል። ፋይሉ ቢሮ የተቆለፈበት ባለሙያ የቱንም ያህል ቢተጋ ቤቱ ሆኖ ይህን ጉዳይ መጨረስ አይችልም። ሕጉስ አለ፤ የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 ለዲጂታል ፊርማ ዕውቅና ሰጥቷል። የቀረው መዝገብ ቤቱን ራሱን ወደ ኮምፒውተር ማሸጋገር፣ የዜጎችን መረጃ ደኅንነት መጠበቅ፣ ሠራተኛውንም በመግቢያና መውጫ ሰዓት ፊርማ ሳይሆን በጨረሰው ጉዳይ መመዘን ነው።