የሚታይ ካዝና

ሐረር፣ ጀጎል ከሚባለው ግንብ ውስጥ፣ ጌይ ጋር፣ ማለትም የሐረሪ ቤት የገባ ሰው አንገቱን ቀና ሳያደርግ አይቀመጥም። ግድግዳው በስፌት፣ በጥቁር የእንጨት ገበታና በሳህን ተሸፍኗል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከግንቡ ሌላ ይኸው የቤት ውስጥ አሠራር በስም ተጠቅሷል። ከነደባው፣ ማለትም ከመደቡ በላይ፣ ግድግዳው ውስጥ በተፈለፈለ መስኮት መሰል ቦታ ደግሞ አንገታቸው ዘለግ ያለ ጥቁር የሸክላ ማሰሮዎች፣ የስፌት ቆብ ደፍተው ተደርድረዋል። አፍላላ ይባላሉ።

«እማማ፣ ለጌጥ ነው አይደል?» ብዬ የቤቱን ባለቤት ጠየቅኋቸው።

«ጌጥማ ነው» አሉ እየሳቁ፣ «ወርቄም እዚያ ነበር የሚቀመጠው።»

ወርቅ ብቻም አይደለም፤ ገንዘብ፣ መድኃኒትና ዘርም ይገባበት ነበር። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥያቄ ይነሳል። ሸክላ እኮ ያልባል። እንስራ ውስጥ ያደረ ውሃ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው፤ ውሃው በማይታዩ ቀዳዳዎች ወደ ውጭ ይወጣና ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አንድ ሊትር ውሃ ለመትነን የሚፈጀው ሙቀት፣ በረዶ ሊሆን ከተቃረበበት እስከ መፍላት ለማድረስ ከሚያስፈልገው ከ5 እጥፍ ይበልጣል። ለእንስራ በረከት የሆነው ይህ ቀዳዳ ለዘር ግን ጠላት ነው፤ ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ እርጥበትም ያስገባል።

መልሱ ያለው እኛ ለውበት ብቻ በምናደንቀው ልስላሴ ውስጥ ነው። ጭቃው ነፋስ መታ መታ አድርጎት፣ ጣት ሲጫነው የማይሰረጉድ ግን ገና ቀዝቃዛ ሲሆን፣ ሸክላ ሠሪዋ ወንዝ ያለሰለሰው ጠጠር ይዛ ደጋግማ ታሸዋለች። የጭቃ ቅንጣት ጠፍጣፋ ነው፤ ሲታሽ እንደ ዓሣ ቅርፊት እርስ በርሱ ተደራርቦ ይተኛል። ቀዳዳው ይጠባል፤ ገጹም ብርሃን ይመልሳል። እንግዲህ ማብረቁና መድፈኑ አንድ ሥራ ነው። ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፤ እርጥበቱን ያዘገየዋል እንጂ።

ጥቁረቱም ቀለም አይደለም። ሸክላ አየር እያገኘ ከተቃጠለ በጭቃው ውስጥ ያለው ብረት እንደ ዝገት ይቀላል። ገና እንደጋለ በገለባ ወይም በፍግ ከታፈነ ግን እሳቱ አየር ያጣል፤ ጭሱ ገላው ውስጥ ይሰርጋል፤ ብረቱም ይጠቁራል። ጭቃው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ቀይና ጥቁር የሚያደርገው አየር ነው።

ክዳኑ ለምን ሸክላ አልሆነም? አፍላላ ኡፋ የሚሉት ይህ ቆብ ከሣር የተሰፋ ነው። ዘር ሕይወት ስላለው ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም እርጥበት ያወጣል። ጥቅጥቅ ያለው ስፌት አቧራና ነፍሳትን እየከለከለ ያንን ትንፋሽ ያሳልፋል።

ሌባስ? ለእኔ ብልሃቱ ቦታው ላይ ነው። ሰው ሁሉ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ከሁሉም ራስ በላይ ያለን ዕቃ ማንም ሳይታይ አይነካውም።

አፍላላ ስትገዙ በጣት ቋ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው፤ ከታፈነ ስንጥቅ አለበት። እኔ በደንብ የሚጮህ መርጬ አዲስ አበባ ይዤው መጣሁና ውሃ ሞልቼ አበባ ሰካሁበት። በሦስተኛው ቀን ሳነሳው የቡፌው እንጨት ላይ ክብ ነጭ ምልክት ታትሟል። ምልክቱ እስካሁን አለ፤ ማሰሮውንም ክዳኑን ደፍቼ፣ የቤት ቁልፍና ሳንቲም ጨምሬ እዚያው ላይ አስቀምጬዋለሁ።