በወለጋ ስለሚገኘው የእንጨትና የጭቃ ቤት፤ የእንግዳ ማረፊያ ስለ መሆኑ

በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው፣ በነቀምትና በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች ዙሪያ የሚገኘው አሮጌ የገበሬ ቤት ታድሶ በበዓልና በዕረፍት ጊዜ እንግዳ ሊያርፍበት ይችላል ወይስ አይችልም የሚለውን ጥያቄ ነው። ነገሩ የአገር ጎብኚ ጉዳይ ብቻ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የጭቃ ቤት ሰው ካልኖረበት ፈጥኖ የሚፈርስ ስለሆነ፣ «ማን ያድርበታል?» ብሎ መጠየቅ «ቤቱ ይቆያል ወይስ ይጠፋል?» ብሎ እንደ መጠየቅ ነው።

1. ስለ አሠራሩ

ቤቱ ሲሠራ በመጀመሪያ የግድግዳው እንጨት በተቆፈረው ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ይተከላል፤ ቀጥሎም ማገሩ በአግድም እየተጋደመ በልጥ ይታሰራል። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን እንዲቦካ ይተዋል። ጭዱ ጭቃውን እርስ በርሱ ስለሚያያይዘው ሲደርቅ ብዙ አይሰነጠቅም። የመጀመሪያው ምርጊት ከደረቀ በኋላ ቀጭን ምርጊት ይደረባል፤ በመጨረሻም በእበት ወይም በነጭ አፈር ይለሰናል።

በጀርመንና በእንግሊዝ አገር የሚደነቁት አሮጌ የገበሬ ቤቶችም በመሠረቱ ከዚሁ የተለዩ አይደሉም። በእነዚያም ቢሆን በእንጨቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ብዙውን ጊዜ የሚሞላው በጭራሮና ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ነው። ልዩነቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የእነሱ እንጨት በውጭ ሲታይ የእኛ በጭቃ ይሸፈናል። ሁለተኛ፣ የእነሱ እንጨት በድንጋይ መሠረት ላይ ሲያርፍ የእኛ በመሬት ውስጥ ይቀበራል። የቤታችንን ዕድሜ የሚያሳጥረው ይህ ሁለተኛው ነው። እንጨቱ ከላይ ደህና ሆኖ ሳለ ከእግሩ ይበሰብሳል፤ ወይም በምስጥ ይበላል። በምዕራብ ወለጋ፣ በተለይ በመንዲና በነጆ አካባቢ፣ ምስጥ ከሰብልና ከግጦሽ አልፎ ቤት የሚያፈርስ ብርቱ ጠላት መሆኑ የታወቀ ነው።

የቀድሞ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ለምሰሶና ለግድግዳ ጽድና ወይራ ይመርጡ ነበር። ዛሬ እነዚህ እየጠፉ ስለሄዱ በቦታቸው ባሕር ዛፍ ገብቷል፤ እሱ ግን ምስጥን እንደ ጽድ አይቋቋምም። በምድጃው የሚነደው እሳትም ለማብሰልና ለመሞቅ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ጢሱ የክዳኑን ሣርና ወራጁን እያደረቀ ነቀዝን ያርቃል። ክረምት በወጣ ጊዜም ዝናብ ያጠበው ግድግዳ እንደገና ይመረጋል። በነቀምት አካባቢ የዓመቱ ዝናብ ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጋ፣ ይህ ሥራ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ቢታለፍ ጭቃው ረግፎ ማገሩ ይታያል። እንግዲህ ቤቱን የሚያቆየው የነዋሪው እጅና እሳት ነው።

2. ስለ ኩምሳ ሞረዳ ግቢ

በነቀምት ታድሶ የሚታየው ታሪካዊ መኖሪያ የኩምሳ ሞረዳ ግቢ ነው። የሌቃ ነቀምት ገዥ የነበሩት ሞረዳ በከሬ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን እንደ ያዙ ቆዩ። ልጃቸው ኩምሳም፣ በክርስትና ስማቸው ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ከ1881 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ተተክተው ገዙ። ግቢው ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ከቤተሰቡ ወጥቶ በመንግሥት እጅ ገባ፤ ኋላም ታድሶ ለጎብኚ ተከፈተ።

እኛ ይህ ግቢ ማደሪያ ይሁን አንልም። የአንድ ሕዝብ የታሪክ ምስክር የሆነው ሊታይና ሊጠና ይገባዋል እንጂ አልጋ ሊዘረጋበት አይገባም። ነገር ግን የባላባቱ ግቢ ተጠብቆ የገበሬው ቤት ሁሉ ቢጠፋ፣ የሚቀረን ታሪክ የገዢዎቹ ብቻ ይሆናል። ለገበሬው ቤት ሙዚየም ልንሠራለት አንችልም፤ ሊኖርበት የሚችል ሰው ግን ልናገኝለት እንችላለን።

3. በሌላ ስፍራ የተደረገው

በብሪታንያ «ላንድማርክ ትረስት» የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቁሞ፣ ሊፈርሱ የደረሱ አሮጌ ሕንፃዎችን እያደሰ ለዕረፍት ለሚመጡ ሰዎች ያከራያል፤ ገቢውም ለጥበቃቸው ይውላል። በአገራችንም በሰሜን ወሎ በመቄት፣ ገበሬዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ጀምሮ በአገሩ ልማድ በሠሯቸው ጎጆዎች መንገደኛ እያሳደሩ ገቢውን ለማኅበራቸው አድርገዋል። በሐረር ጀጎልም አንዳንድ ቤተሰቦች በአሮጌው የአደሬ ቤታቸው እንግዳ ይቀበላሉ። በአዲስ አበባ በ1898 ዓ.ም. የተሠራው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ከመቶ ዓመት በላይ የቆየው እንግዳ ስላልተለየው ነው። ይሁን እንጂ በጥር 2007 ዓ.ም. የደረሰበት ቃጠሎ፣ እንጨት የበዛበት ቤት ብዙ ሰው ሲያሳድር ምን ዓይነት ጥንቃቄ እንደሚሻ አስተምሮናል።

4. ሊታሰብበት የሚገባው

በወለጋ ይህ ይደረግ ቢባል በመጀመሪያ የበሰበሰው የእንጨት እግር ተቆርጦ በድንጋይ መሠረት ላይ ሊቀመጥ ይገባል። መታጠቢያውና መጸዳጃው ከቤቱ ራቅ ብለው ይሠሩ፤ ውሃ የጭቃ ጠላት ነውና። ምድጃው ግን አይጥፋ፤ ባይሆን እሳቱ ያለ ጠባቂ አይደር። ምርጊቱም ለአገሩ ሰው በደቦም ሆነ በክፍያ ቢሰጥ፣ ጭቃ የማቡካትና ማገር የማሰር ዕውቀት ከሽማግሌዎች ወደ ልጆች ያልፋል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው የባለቤቱ ነገር ነው። ገበሬው የሣር ክዳኑን በቆርቆሮ ቢለውጥ ሊወቀስ አይገባም። ሣሩ ከግጦሹ ጋር እየጠፋ ነው፤ ቆርቆሮም ከዝናብ ያሳርፈዋል። ለጎብኚ ዓይን ሲባል ሰውን በሚያፈስ ቤት አስቀምጦ ማቆየት ግፍ ነው። ስለዚህ አሮጌው ቤት ሊቆይ የሚችለው ለባለቤቱ ከአዲሱ ያላነሰ ጥቅም ሲሰጠው ነው። ቤቱ ለእንግዳ ሲጸዳ ባለቤቱ ወደ ጓዳ የሚገፋ ከሆነ ግን፣ ያዳንነው ግድግዳውን ብቻ ነው።

ከ2011 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በወለጋ የደረሰው ግጭት ብዙ ሰው ከቤቱ እንዳፈናቀለና መንገደኛንም እንዳራቀ አንዘነጋም። ያለ ሰላም ስለ እንግዳ መናገር ከንቱ ነው። ሆኖም የመጀመሪያው እንግዳ ከሩቅ አገር የሚመጣው አይደለም። ከነቀምት 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ አበባ የሚኖረው የወለጋ ልጅ ነው። ለመስቀል ልጆቹን ይዞ ገብቶ፣ አንጮቴ በልቶና ቡና ቀላ ቀምሶ፣ በአያቶቹ ዓይነት ቤት ቢያድር ለቤቱም ለልጆቹም ይበጃል። በየከተማው ያሉ የባህል ጽሕፈት ቤቶችና ተማሪዎች ገና የቆሙትን ቤቶች ከነሠሪዎቻቸው ዕውቀት ቢመዘግቡ ሥራው ከዚያ ሊጀመር ይችላል። ምዝገባውም በየክረምቱ የሚረግፈውን ምርጊት ቀድሞ መድረስ አለበት።