ከመወለዱ ወይስ ከመወለዷ በፊት? ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም ስትመርጡ

የመውለጃው ቀን ሲቃረብ የጠያቂው ብዛት ይጨምራል። «ማን ልትሉት ነው?» የሚለው ጥያቄ በስልክም በቡና ላይም ይመጣል። በአባት በኩል ያሉት አያት አንድ ስም ይዘዋል፣ በእናት በኩል ያሉት ሌላ። እናንተ ደግሞ ጾታውን በአልትራሳውንድ አይታችሁ ይሆናል፤ ወይም «ሲወለድ እናየዋለን» ብላችሁ ሳትጠይቁ ወጥታችኋል። በዚህ መሃል ከሁለት አንዳችሁ «ለወንድም ለሴትም የሚሆን ስም ለምን ከአሁኑ አናወጣም?» ማለታችሁ አይቀርም።

ሐሳቡ ከውጭ የመጣ ፋሽን የሚመስለው ሰው ይኖራል። ግን አገራችን ያደገችበት ነው። ራስ ደስታ ዳምጠው በጣሊያን ወረራ ጊዜ በደቡብ ግንባር የተዋጉ የጦር መሪ ነበሩ፤ በስማቸው የተሰየመ ሆስፒታል አዲስ አበባ ውስጥ አለ። ደስታ የምትባል አክስት ወይም ጎረቤት ደግሞ በየሰፈሩ አትጠፋም። የሥነ አእምሮ ሐኪሙና የ«የተቆለፈበት ቁልፍ» ደራሲ ዶክተር ምህረት ደበበ ወንድ ናቸው፤ ከክፍላችሁ ልጆች መካከል የምታስታውሷት ምህረት ግን ምናልባት ሴት ናት። በአቴንስና በለንደን ኦሊምፒክ በ5,000 ሜትር ወርቅ ያጠለቀችው መሠረት ደፋር ሴት ናት፤ መሠረት የሚባል ወንድም ብርቅ አይደለም። በረከት፣ ቃልኪዳን፣ ረድኤት፣ ትንሣኤ፣ ጸጋ፣ ያብሥራ፣ ኤልሻዳይ ብላችሁ ብትጠሩም ዞር የሚለው ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል። በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ኑር እና ኢህሳን እንዲሁ ለሁለቱም ይወጣሉ።

ጾታው ያለው የት ነው?

ብዙ የአማርኛ ስሞች ግሥ ናቸው፤ ግሥ ደግሞ ጾታን አይደብቅም። አበበ ቢቂላ «አበበ» ነው፣ የብዙ ሕፃናት እናት የሆኑት ወይዘሮ አበበች ጎበና «አበበች» ናቸው። ምኞቱ አንድ ነው፣ መጨረሻው ላይ ያለችው «ች» ትለያቸዋለች። በላይነህና በላይነሽ፣ ጥሩነህና ጥሩነሽም በ«ህ» እና በ«ሽ» ይለያያሉ። በኦሮምኛ ደራራና ደራርቱን፣ ጫላና ጫልቱን አስቡ። እንዲህ ያለውን ስም ከመውለድ በፊት መምረጥ ከፈለጋችሁ ሁለቱንም መልክ ይዛችሁ መጠበቅ ነው። ይህም ራሱን የቻለ ጥሩ መፍትሔ ነው፦ ስሙን ትወስናላችሁ፣ መጨረሻዋን ፊደል ለሕፃኑ ትተዋላችሁ።

አንዳንዱ ስም ግን በሰዋስው ጾታ የለውም፤ ጾታ የሰጠው ልማድ ነው። ድምፃዊው ዓለማየሁ እሸቴ እና ጂጂ ብለን የምናውቃት እጅጋየሁ ሽባባው ስማቸው የሚያልቀው በአንድ ቃል ነው፦ «አየሁ»። ዓለምን አየሁ፣ እጅግ አየሁ። «አየሁ» የሚለውን እናትም አባትም እኩል ይሉታል። ሆኖም ዓለማየሁ ለወንድ፣ እጅጋየሁ ለሴት ሆነው ቀሩ። «የኔ» የሚል ትርጉም ያላቸው ስሞችም እንዲሁ ናቸው፦ ተስፋዬ ስንል ወንድ እናስባለን፣ ገንዘቤ ስንል ደግሞ ሯጯን ገንዘቤ ዲባባን። ተስፋም ገንዘብም ጾታ የላቸውም።

ምኞቱን ለማን ነው ያካፈልነው?

የስም ዝርዝር ይዛችሁ ስትቀመጡ አንድ ነገር ልብ በሉ። ለወንዶች የምናወጣቸው ስሞች ብዙውን ጊዜ ስለ ኃይልና ስለ ሹመት ያወራሉ፦ አሸናፊ፣ ኃይሉ፣ ደምሴ፣ መኮንን፣ ግርማ። ለሴቶች የምናወጣቸው ደግሞ ስለ ውበትና ስለ ጌጥ፦ አልማዝ፣ ወርቅነሽ፣ ውቢት፣ ብርቱካን። እነዚህ ስሞች የሚወደዱና የሚከበሩ ናቸው፤ የእናቶቻችንና የአባቶቻችን ናቸው። ግን አንዱ እንዲያሸንፍ፣ አንዷ እንድታምር መመኘታችንን ይናገራሉ።

ለሁለቱም የሚሆኑት ስሞች ዘንድ ስትደርሱ ይህ ክፍፍል የለም። ሰላም፣ ደስታ፣ በረከት፣ ምህረት፣ ቃልኪዳን፣ መሠረት፦ ለማንኛውም ልጅ የምንመኘው ነገር ነው። የእነዚህ ስሞች ትልቁ ውበትም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ወንድ ይሁን ሴት ሳናውቅ የተመኘነው ምኞት ነው።

ስሙ የማያደርገው ነገር

አንዳንድ ወላጅ «ልጄ ስታድግ በማመልከቻዋ ላይ ሴት መሆኗ ሳይታወቅ በችሎታዋ ትመዘን» ብሎ እንዲህ ያለ ስም ይመርጣል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ግን ከስሙ ብዙ አትጠብቁ። በአገራችን ቅጽ ላይ ከስም በታች ያለው ጥያቄ ጾታ ነው፤ ጉርድ ፎቶም ይያያዛል። አማርኛ ራሱም ምስጢር አይጠብቅም፤ «ደስታ መጣ» ወይም «ደስታ መጣች» ካልን ነገሩ አለቀ። ጾታው የማይታወቀው በአክብሮት ስንናገር ብቻ ነው፦ «እርስዎ»፣ «እሳቸው»፣ «መጡ»። በውጭ አገር ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አበበንና አበበችን መለየት ለማይችል ሰው ስሞቻችን በሙሉ የወንድም የሴትም ናቸው። ሴት ልጃችሁ በእኩል ዓይን እንድትታይ የምታደርጉት ከስሟ ይልቅ ቤት ውስጥ ሥራውንም ዕድሉንም በምታካፍሉበት መንገድ ነው።

ሌላው ሐቅ፣ «ለሁለቱም» የሚባሉት ስሞች ሚዛናቸው እኩል አለመሆኑ ነው። ሰላም ወይም ምህረት ሲባል ብዙ ሰው መጀመሪያ ሴት ያስባል፤ በረከት ሲባል ወንድ የሚያስበው ይበዛል። ስለዚህ ራሳችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ወንድ ልጅ ቢወለድ ሰላም ብለን እንጠራዋለን? ሴት ስትሆን ደስ ብሎን የምናወጣውን ስም ወንድ ሲሆን የምንቀይረው ከሆነ፣ የመረጥነው የሴት ስም ነው። ይህን ከመውለድ በፊት መነጋገር ይሻላል።

ከመወሰናችሁ በፊት ሞክሩት

በማርኬቲንግ ሥራ የምርት ስም ሳይታተም በፊት ጮክ ተብሎ ይነበባል፣ በስልክ ይባላል፣ ለማያውቀው ሰው ይነገራል። የምርት ስም ባይሳካ መለያው እንደገና ይታተማል። የልጅ ስም ግን አንዴ ከተመዘገበ በኋላ ለመቀየር ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ስለዚህ ሙከራው ለእናንተም ይጠቅማል።

ከአባት ስም ጋር አንብቡት። የእኛ ሙሉ ስም አንዳንዴ ዓረፍተ ነገር ይሆናል። ምህረት ይበልጣል ያምራል። ሰላም ታደሰም እንዲሁ። የአባት ስም ዘገየ ከሆነ ግን «ሰላም ዘገየ» ይሆናል፤ በዛብህ ከሆነ ደግሞ «ደስታ በዛብህ»። የክፍል ጓደኞች እንዲህ ያለውን ቀልድ ለዓመታት አይረሱትም።

አንድ ትውልድ ወደፊት አስቡ። ልጃችሁ ወንድ ከሆነ ስሙ ነገ የልጅ ልጆቻችሁ የአባት ስም ነው። «የአባትሽ ስም ነው ወይስ የእናትሽ?» ተብላ የምትጠየቅ የልጅ ልጅ ልትኖራችሁ ትችላለች። ችግር የለውም ካላችሁ ቀጥሉ።

የቤት ስሙን ገምቱ። ማንም ልጅ በሙሉ ስሙ ብቻ አይጠራም። ቃልኪዳን «ቃልዬ» ወይም «ኪዱ»፣ በረከት «ቤኪ»፣ ደስታ «ደስዬ» መሆናቸው አይቀርም። ቁልምጫው ለሁለቱም የሚመች መሆኑን ተመልከቱ።

አጻጻፉን አንድ አድርጉ። ምህረት ወይስ ምሕረት? መሠረት ወይስ መሰረት? በላቲን ፊደል ሲጻፍስ? ዛሬ ወረቀት ላይ አስፍሩና በልደት ምስክር ወረቀት፣ በክትባት ካርድ፣ በትምህርት ቤትና በፓስፖርት ላይ ያንኑ ተጠቀሙ። በስም ላይ ያለች የአንዲት ፊደል ልዩነት በኋላ ብዙ ቢሮ ታመላልሳለች።

ሃይማኖቱና መዝገቡ

ለሁለቱም የሚሆን ስም መምረጥ ከእምነታችሁ ሥርዓት ጋር አያጋጫችሁም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ሲጠመቁ የክርስትና ስም ይሰጣቸዋል፤ እሱም ብዙ ጊዜ ጾታን ይለያል። ወልደ ሚካኤል ወይም ገብረ ማርያም የወንድ፣ ወለተ ሚካኤል ወይም አመተ ማርያም የሴት ነው። በእስልምና በ7ኛው ቀን በሚደረገው አቂቃ ለወንድ ሁለት፣ ለሴት አንድ በግ ማረድ የተለመደ ነው፤ ኑር የሚለውን ስም ግን ሁለቱም ይሸከሙታል።

በሕግ በኩል ደግሞ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ በወረዳችሁ የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት መመዝገብ አለበት። 40ውም 80ውም ቀን ከዚያ ገደብ በፊት ስለሚያልፍ እስከ ክርስትናው ድረስ መወያየት ለሚፈልግ ቤተሰብ ጊዜው ይበቃል። ከዚያ አልፎ ማመንታት ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ከሁሉም በፊት ግን ዛሬ ማታ ሁለታችሁ ተቀመጡና አምስት ስም ጻፉ። በእያንዳንዱ ስም ፊት «ወንድ ቢሆንም» እና «ሴት ብትሆንም» ብላችሁ አንብቡት። ሁለቱንም ጊዜ ፊታችሁ ካልተለወጠ፣ ያ ስም ለልጃችሁ ይሆናል። ለአያቶችም ትርጉሙን ንገሯቸው፤ «በረከት ይሁንልን ብለን ነው» ስትሏቸው አሜን ማለታቸው አይቀርም።