በመንገድ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሚጠየቅ ካሳ እና በሽምግልና መካከል የሚያልፈው የይርጋ ጊዜ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በያቤሎና በሜጋ በኩል ወደ ሞያሌ የሚያልፈው አውራ ጎዳና የከባድ ተሽከርካሪዎች መስመር ነው፤ የቦረና አርብቶ አደርም ከብቶቹንና ግመሎቹን ወደ ውኃና ወደ ግጦሽ የሚያሻግረው ይህንኑ መንገድ አቋርጦ ነው። ተሽከርካሪ ሰው ሲጎዳ ወይም ከብት ሲገድል ጉዳዩ ብዙ ጊዜ በቅድሚያ የሚቀርበው ለአገር ሽማግሌዎች ሲሆን፣ ዕርቁ ሳይሰምር ሲቀር ወደ ፍርድ ቤት ይዞራል። በዚህ ጊዜ ጠበቃው በቅድሚያ ሊያጣራው የሚገባው ጉዳቱ የደረሰበትን ቀን ነው።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2143 ከውል ውጭ ኃላፊነት የሚመነጭ የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ እንዳለበት ይደነግጋል። ድርጊቱ በወንጀል የሚያስጠይቅና የወንጀሉ ይርጋ ከዚህ የሚረዝም ከሆነ ለካሳውም የሚሠራው ረጅሙ ጊዜ ነው። አንቀጹ ለሽምግልና የተለየ ጊዜ አልሰጠም። በመሆኑም በቅን ልቦና ዕርቅ ሲጠባበቅ የቆየ ቤተሰብ የይርጋ መቃወሚያ ሊቀርብበት ይችላል።

የባለ ተሽከርካሪው ኃላፊነት ግን ጠንካራ ነው። በአንቀጽ 2081 መሠረት ባለንብረቱ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል፤ በአንቀጽ 2086 መሠረትም ጥፋት አለመፈጸሙን ወይም ጉዳቱን ለመከላከል አለመቻሉን በማስረዳት ነጻ አይወጣም። ከኃላፊነት የሚድነው ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ እንደሆነ ነው። ከብቱ ያለ ጠባቂ መንገድ ላይ ነበር የሚለው ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። የከብቱ ባለቤትም በበኩሉ በአንቀጽ 2071 መሠረት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ስለሚሆን፣ ጠበቃው የመልስ ክስ ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል።

በኦሮሚያ ክልል በአዋጅ ቁጥር 240/2013 ባህላዊ ፍርድ ቤቶች በሕግ ዕውቅና ማግኘታቸው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ትልቅ ለውጥ ነው። የሥልጣናቸው መሠረት የተከራካሪዎች ፈቃድ በመሆኑ፣ ከሩቅ የመጣ የጭነት መኪና ባለንብረት አልስማማም ካለ መደበኛው መንገድ ይቀራል። ድርድሩ የሚቀጥል ከሆነም ባለንብረቱ ዕዳውን በጽሑፍ እንዲያምን ወይም ከካሳው ከፊሉን በደረሰኝ እንዲከፍል ማድረግ ይጠቅማል፤ የባለዕዳ እምነት ይርጋን እንደሚያቋርጥ አንቀጽ 1851 ይደነግጋል፣ አንቀጽ 1677ም የውል ጠቅላላ ድንጋጌዎች ከውል ላልመነጩ ግዴታዎች እንዲያገለግሉ ይፈቅዳል። ይሁን እንጂ ጊዜው ሲቃረብ ክስ መመሥረትን የሚተካ ዋስትና የለም።

ክሱን ለማቅረብ ወደ ተከሳሹ መኖሪያ መሄድ ግድ አይደለም፤ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት ጉዳቱ በደረሰበት ቦታ ባለው ፍርድ ቤት መክሰስ ይቻላል። ተከሳሹ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከሆነ፣ የክልል ፍርድ ቤቶች የፌዴራል ሥልጣንን በውክልና እንዲሠሩ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የተደነገገውን መመልከት ይገባል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ከ5 ባላነሱ ዳኞች የሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው የሚገኙ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል።

የካሳውን መጠን በተመለከተ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የተደነገገው የሦስተኛ ወገን መድን የሚከፍለው በተወሰነ ጣሪያ በመሆኑ ቀሪውን ከባለንብረቱ መጠየቅ እንደሚቻል መዘንጋት የለበትም። ሟች ያስተዳድራቸው የነበሩ የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች በአንቀጽ 2095 መሠረት በራሳቸው ስም ይከሳሉ። የኅሊና ጉዳት ካሳ ግን እስካሁን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተገድቧል። ይህ ገንዘብ ዛሬ የአንድ ፍየል ዋጋ አይሞላም፤ ስለዚህ የጠበቃው ድካም በቁሳዊው ጉዳት ማስረጃ ላይ ቢያተኩር ይመረጣል፦ በሞተው ከብት ዋጋ፣ በቀረው የወተት ገቢ፣ በሕክምና ደረሰኝ።