የአሮጌውና የአዲሱ ምድር ባቡር ነገር

ባቡር የሚለውን ቃል ሁላችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን ምንጩ ቫፖሬ የሚለው የጣልያንኛ ቃል፥ ትርጓሜውም እንፋሎት መሆኑን የሚያስተውል ጥቂት ነው። አባቶቻችን የእህሉንም ወፍጮ ባቡር ይሉት ስለ ነበረ፥ በሐዲድ የሚሄደውን ለይተው ምድር ባቡር አሉት። ዛሬ ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው ባቡር በኤሌክትሪክ የሚሄድ ነው፤ እንፋሎቱ ቀርቶ ስሙ ብቻ አብሮት ይጓዛል።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ ተወላጅ ለሙሴ ኢልግ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ። አስቀድሞ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበረ፤ ዳሩ ግን ዳገቱ ለባቡር የማይቻል ሆኖ ስለ ተገኘ፥ ሐዲዱ ከተራራው ሥር በሜዳው ቀረ፤ ድሬዳዋም በዚያው ተቈረቈረች። ከዚህ በኋላ ኩባንያው ከስሮ ሌላ ኩባንያ ስለ ተተካ፥ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። የመንገዱ ርዝመት 784 ኪሎሜትር፥ የሐዲዱም ስፋት 1 ሜትር ነበረ።

በበቅሎና በግመል ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በዚህ ጊዜ ሦስት ቀን ሆነ። ባቡሩ ሌሊት አይሄድም ነበርና መንገደኛው አንዱን ሌሊት በድሬዳዋ፥ ሁለተኛውን በአዋሽ ያድር ነበር። ልጆች ላሏት እናት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ ስንቁን፥ ውሃውን፥ ለደጋው ብርድ ጋቢውን፥ ለቈላው ሙቀት ስስ ልብሱን አስባ ትነሣለች። ይሁን እንጂ ዝግታው በረከት ነበረው። በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር ውሃ ሳይቀዳ ርቆ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ በየጣቢያው ይቆማል። እርሱ ውሃ ሲጠጣ የመንደሩ ሴቶች ፍራፍሬውንና ወተቱን፥ እንጀራውንና ቡናውን ይዘው በየመስኮቱ ይሰለፋሉ። ብዙ ቤተሰብ የኖረው በዚህች በጥቂት ደቂቃ ገበያ ነው። በኋላ በናፍታ የሚሠራው ሞተር መጣ፤ ባቡሩም በየጣቢያው መቆሙን አልተወም። ሐዲዱ ግን እያረጀ ሄደና በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ጉዞ ተቋረጠ።

አዲሱ መንገድ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ ሥራውን በ2010 ዓ.ም. ጀመረ። የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው። ሦስት ቀን የነበረውም ጉዞ ግማሽ ቀን ያህል ሆኗል፤ ይህ ለመንገደኛም ለነጋዴም ታላቅ ጥቅም መሆኑን ማንም አይክድም። ሆኖም አዲሶቹ ጣቢያዎች ከከተማ ወጣ ብለው የተሠሩ ናቸው፤ በአዲስ አበባ እስከ ለቡ መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕፃን ያዘለችና ዕቃ የያዘች እናት ይህን ታውቀዋለች። የሚቆምባቸውም ስፍራዎች ጥቂት ናቸው። በእኛ አስተያየት፥ አሮጌው ባቡር ይቆምባቸው ለነበሩት ለትናንሾቹ መንደሮች የተተካ ነገር ስለ መኖሩ ብዙ አልታሰበም።

ለ1 ሜትር ሐዲድ የተሠራ ሞተር በሰፊው ሐዲድ ላይ አይሄድም። ስለዚህ ልጆቹን ይዞ ድሬዳዋ የሚወርድ ሰው ወደ አሮጌው የባቡር መጠገኛ ጐራ ቢል፥ አያቶቻቸውን ያመላለሱትን ሞተሮች በቆሙበት ሊያሳያቸው ይችላል።